እናቴ ያልነገረችኝ ወንዝ

አንድ ወዳጄ ከሞምባሳ ተመልሶ ፎቶዎቹን ያሳየኝ ዕለት ቅናት ቆነጠጠኝ። ቁምጣ ለብሷል፤ በአንድ እጁ የተፈለጠ ኮኮናት ይዟል፤ ከኋላው ያ ሰማያዊ ነገር እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቷል። "አየህ፣ ባሕር ማለት ይሄ ነው!" አለኝ፣ ውሃውን በባልዲ ቀድቶ የሞላው ራሱ ይመስል። እኔም እንደ ደንቡ "አዬ… እኛማ ምን አለን!" አልኩና ፎቶውን መለስኩለት።

የምር ግን ምን አለን? ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ቀይ ባሕርን የምናየው በካርታ ነው። "ባሕር ዳር እሄዳለሁ" የሚል ሰው ብታገኙ የሚሄደው ሐይቅ ዳር ነው። "ባሕር ማዶ" የምንለውን አገር ደግሞ ባሕሩን ሳናይ፣ እንቅልፋችንን እየተኛን፣ በአውሮፕላን እንሻገራለን። እናላችሁ፣ የባሕር ነገር ለኛ ስሙ ብቻ የቀረ የድሮ ዘመድ ሆኗል።

እኔን ከዚህ የ"ምን አለን" በሽታ ያዳኑኝ አንድ የሰማኒያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ነገሩ የሆነው በጥር 2002 ዓ.ም.፣ ወለጋ ውስጥ፣ አርጆ በምትባል ከተማ ነው።

እናቴ የአርጆ ልጅ ነበረች። ስለ አገሯ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ቅቤው ይጣፍጣል።" አለቀ። በመስቀል ሰሞን አንጮቴ ከየትም ፈልጋ ታመጣለች። ቀቅላ፣ ልጣ፣ በቅቤ አሽታ ስታቀርብልን ዓይኗ ትንሽ ራቅ ይላል። ኦሮምኛ የምትናገረው ከአገሯ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። እኛን አላስተማረችንም። እኛም አስተምሪን አላልናትም። በዚያን ጊዜ "ልጆቹ በትምህርታቸው እንዳይደናገሩ" የሚባል ነገር ነበር። ዛሬ ሳስበው የተደናገርነው ባለመማራችን ነው።

ሌላው የእናቴ ነገር ውሃ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ላንጋኖ ሊወስዱን ገንዘብ ተዋጥቶ፣ ስሜ ተጽፎ፣ ዳቦው ሳይቀር ተገዝቶ፣ በዋዜማው "አትሄድም" አለችኝ። ለምን? "ውሃ ዘመድ አያውቅም።" አባቴ ሊያግባባት ሞከረ። "አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ ዳር ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ መች ይገባል?" አላት። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። አኩርፌ ራት ሳልበላ ተኛሁ። ዋና ሳልችል አደግሁ፣ ይኸው ዋና ሳልችል ሸበትኩ። ሶደሬ ብሄድ እንኳ ሻይ ጠጥቼ ነው የምመለሰው።

እናቴ በ2001 ዓ.ም. አረፈች። አጎቴ ጉልበታቸውም ዓይናቸውም ደክሞ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሱም። በመንገደኛ ግን መልእክት ላኩ፤ "የእህቴን ልጅ አሳዩኝ። እኔም የማሳየው ነገር አለኝ።" እኔም "እመጣለሁ" ብዬ ስምንት ወር ቆየሁ። ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ላንጋኖ፣ አንድ ጊዜ ለስብሰባ ናይሮቢ ሄጃለሁ። የሰው አገር ለማየት ጊዜ አይጠፋም፤ ጊዜ የሚጠፋው የእናት አገር ለማየት ነው።

በመጨረሻ ተነሳሁ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምቦን፣ ጌዶን፣ ባኮን እያለፍን፣ ሾፌሩ በየከተማው "አምስት ደቂቃ!" እያለ ግማሽ ሰዓት እየቆመ፣ አመሻሽ ላይ ነቀምቴ ገባን። ወደ አርጆ የምሄድበት መኪና በማግስቱ ከሰዓት በፊት ስለነበር ጠዋቱን ከተማውን ላይ ብዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው። ደጁ ላይ ቆሜ ከታሪክ መጻሕፍት የለቃቀምኩትን አስታወስኩ። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲያሸንፉ፣ የነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ ፊታቸውን ወደ ምኒልክ አዞሩ። ልጃቸው ኩምሳ ደግሞ ክርስትና ተነስተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። አንድ ሰው፣ ሁለት ስም። ደጁ ላይ ያገኘሁት ወጣት "ኩምሳ" ሲላቸው፣ እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ "ገብረ እግዚአብሔር" ይላቸዋል። የዚህ አገር ታሪክ ግማሹ በአንደኛው ስም፣ ግማሹ በሌላኛው ስም ተጽፎ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ሰው ጠፍቶ መሰለኝ የምንጨቃጨቀው።

ከዚያ አንድ ባጃጅ አስቆምኩ። "ቦናያ የት ነው?" አልኩት ልጁን።

"የምን ቦናያ?"

"ጣሊያን በወረረን ጊዜ አውሮፕላኖች ያረፉበት ሜዳ።"

ልጁ በመስተዋቱ አየኝና ሳቀ። "ጋሼ፣ አርሰናል ዛሬ የት ነው የሚታየው ብትለኝ ባሳየሁህ።"

በልጁ አልፈርድም። ማን ነግሮት? በሰኔ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላት፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ። የመጡት ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ፣ የአካባቢውን ሹማምንት ለማግባባት ነበር። የጥቁር አንበሳ ጦር አባላት፣ ከነሱም ውስጥ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ሌሊት ደረሱባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ ከመጡት አብዛኞቹ ተገደሉ። ሮም ድረስ ያስደነገጠ ነገር ነው። ያን ያደረጉት ልጆች ዕድሜያቸው ከዚህ ከባለባጃጁ ልጅ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። ይሄንኑ ስነግረው ባጃጁን አቀዝቅዞ ሰማኝ። "እዚሁ እኛ ጋ?" አለ። "እዚሁ እናንተ ጋ።" ሂሳብ ስከፍለው ሁለት ብር ቀነሰልኝ። እንግዲህ ታሪክ ዋጋ የለውም የሚል ካለ ይሄን ይመዝግብልኝ።

አርጆ ከነቀምቴ ወደ ደቡብ፣ በበደሌ መንገድ ነው። እናቴ እውነቷን ነው፤ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው። የማታው ጭጋግ በየባሕር ዛፉ መሀል ይገባል። የአጎቴ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ አፋፉ ላይ ነው። ከደጃቸው ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከዚያ በታች ሰማያዊ ጉም ብቻ ነው። ያ ሰማያዊ ነገር እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቶ… አዎ፣ የወዳጄ ፎቶ ትዝ አለኝ።

አጎቴ እንደ ምንም ከበርጩማቸው ተነሱ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በጣታቸው አፍንጫዬን፣ ቅንድቤን፣ አገጬን ዳሰሱ። ከዚያ አንድ ነገር አሉና ዝም አሉ። እኔ የገባኝ "ኤሱማ" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ የእናት ወንድም ማለት ናት። ዘወር ብዬ ሰው ፈለግሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጃቸው ደብተሯን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"አካኮ አገጭህ የእሷ ነው አሉ" አለችኝ።

ያን ምሽት እኔና አጎቴ የተጨዋወትነው በዚች ልጅ አፍ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ አርባ አራት ዓመት የሞላው፣ በሁለት የውጭ ቋንቋ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው፣ ከገዛ አጎቱ ጋር ለመነጋገር የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ጮሮርሳው ቀረበ፣ ቡናው ተፈላ። እሳቸው አንድ ረጅም ነገር ይናገራሉ፤ ልጅቷ ታስብና "ደህና ነን ይላሉ" ትለኛለች። ሌላ ረጅም ነገር ይናገራሉ፤ "ብላ ይላሉ" ትለኛለች። በመሀል የጠፋው ስንት ይሆን? እኔ ግን ነገር ማሳመር አለብኝና "ኤሱማ፣ ባሕር አይተው ያውቃሉ ወይ በያቸው" አልኳት፣ ስለ ወዳጄና ስለ ሞምባሳ ላጫውታቸው ፈልጌ።

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። "ባሕር… ገላና" አለች ለራሷና ጠየቀቻቸው። አጎቴ የመጀመሪያ ሳቃቸውን ሳቁ።

"ገላናማ ነገ እናሳየዋለን፤ የጠራሁትም ለዚሁ ነው ይላሉ።"

ለካስ በኦሮምኛ ገላና ባሕርም ነው፤ ትልቅ ወንዝም ነው። ማዶው የራቀ፣ ሲሞላ የማይደፈር ውሃ ሁሉ ገላና ነው። ታች ያ ሰማያዊ ጉም ውስጥ ያለው ዲዴሳ ነበር።

በማግስቱ ከከተማው አንድ ፒክአፕ ተከራይተን ወረድን። አጎቴ ከፊት፣ እኔና ልጅቷ ከኋላ። በዚያ ቁልቁለት ስትወርዱ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አገር ታያላችሁ። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ዝግባና ኮሶ ነው። ዝቅ ስትሉ ዋንዛው፣ ሾላው፣ በጥላው ሥር ቡናው ይመጣል። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እንደ ጋቢ ዘርፍ እያወዛወዙ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ጆሯችሁ ግው ይላል፣ ሙቀቱ ይጀምራል፣ ሹራቡ ይወልቃል። ከታች ሣሩ ሰው የሚውጥ፣ ቀርከሃው የተጨናነቀ ቆላ ነው። በአንዳንድ ቦታ መሬቱ ተመንጥሮ ሸንኮራ አገዳ መተከል ጀምሯል።

አጎቴ በመንገዱ ሁሉ ያወራሉ። ልጅቷም ከማታው ይልቅ ተፍታታለች።

"አካኮ ይሄ ድሮ የቡና መንገድ ነበር ይላሉ። አባታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። በበቅሎ ቡና ጭነው ዲዴሳን ተሻግረው፣ በበደሌ፣ በጎሬ አድርገው ጋምቤላ ይወርዳሉ። እዚያ መርከብ አለ ይላሉ።"

ነበረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጋምቤላ ላይ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ የንግድ ወደብ ተከፍቶ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በዚያ ይወጣል፤ ጨውና ጨርቅ በዚያ ይገባል። "ወደብ የለንም" ብሎ የሚያለቅሰው የኔ ትውልድ፣ አያቱ በበቅሎ ወደብ ይመላለሱ እንደነበር አያውቅም። አንድ ችግር ግን ነበረበት። ባሮ መርከብ የሚያስገባው በክረምት፣ ውሃው ሲሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ቡናውን ከክረምቱ በፊት ማድረስ አለበት። ከዘገየ ደግሞ ባሮን መርከብ ለማስገባት የሚሞላው ያው ዝናብ ዲዴሳን ይሞላበታል።

ሌላም ጠላት አለ፤ ገንዲ። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ ነው። በቅሎ በዚያ ሸለቆ ቀን ከዋለች ዝንቡ ይነክሳታል፤ ከተነከሰች ከስታ ትሞታለች። ዝንቡ የሚናከሰው በብርሃን ስለሆነ ነጋዴው ያለው ብልሃት አንድ ነው፤ ሸለቆውን በሌሊት ማቋረጥ። እንግዲህ ያን ሁሉ ጫካ ለዘመናት ሰው እንዳይሰፍርበት ጠብቆ ያቆየው ዘበኛ ዝንቡ ነበር ማለት ነው። ደሞዝም ጡረታም ያልጠየቀ የደን ጠባቂ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ አቆመ። አጎቴ ግን "ድልድዩን አይደለም፣ መልካውን ነው" አሉ። መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ወርደን በእግር ሄድን። እኔ አንድ ክንዳቸውን፣ ልጅቷ ሌላውን ይዘን። ዓይናቸው አያይም ማለት ይቻላል፤ እግራቸው ግን መንገዱን ያውቀዋል። አንድ ትልቅ ሾላ ጥላ ሥር ቆሙና አፈሩን በከዘራቸው መቱት። "አሲ" አሉ። ይቺ ሳትተረጎምልኝ ገባችኝ፤ "እዚህ" ማለታቸው ነው።

ዲዴሳ በጥር የዋህ ይመስላል። ሰፊ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ቡናማና አረንጓዴ ነው፣ ድንጋዮቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል። ከማዶ ዝንጀሮዎች ውሃ ሊጠጡ ወርደው እኛን አይተው ቆሙ። ወደ ታች ጉማሬ አለ ብለውን ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ድንጋይ ይሁን ጉማሬ እርግጠኛ ስላልሆንኩ አልምልበትም። ደስ የሚል ቦታ ነው። ሻይ ቤት ቢኖረው ቁጭ ትሉበታላችሁ።

አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተናገሩ። ልጅቷ በየመሀሉ ትተረጉማለች። መጀመሪያ ላይ እንደ ትምህርት ቤት ንባብ ነበር የምትለው። በኋላ ግን ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

"ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው ይላሉ። አካኮ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ታላቅ ወንድም ነበራቸው፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ያን ዓመት ቡናው ዘግይቶ ሰኔ ገብቶ ነበር ይላሉ። አባታቸው 'መርከቡ ሳያመልጠን' አሉ። ለዝንቡ ብለው በሌሊት ወረዱ። ጨረቃ አልነበረም። ውሃው ከፍ ብሎ ነበር፤ ግን በጨለማ ምን ያህል እንደሆነ አልታየም። ወንድማቸው የፊተኛዋን በቅሎ ይዞ ገባ። መሀል ሲደርስ ጮኸ። ከዚያ በቅሎዋ ወጣች ይላሉ። እሱ…"

ልጅቷ ቆመች። አጎቴ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ።

"እሱ አልወጣም። ሦስት ቀን ፈለጉት። አላገኙትም።"

ከዚያ አጎቴ ወደኔ ዞሩ። የማያየው ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

"እናትህ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች ይላሉ። ወንድሟ ሲሄድ ከጋምቤላ ጨሌ አመጣልሻለሁ ብሏት ነበር። ሌሎቹ ሲመለሱ ሮጣ መጥታ የሱን በቅሎ ኪስ ስትፈትሽ አገኟት። ጨሌውን ስትፈልግ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ጨሌ የምትፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ወንዝ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም ይላሉ።"

ውሃ ዘመድ አያውቅም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእናቴ የቂም መዝገብ ይዤባት የነበረው ላንጋኖ ትዝ አለኝ። "የገጠር ሰው ፍራቻ" ያልኩት፣ ለሚስቴ እየሳቅሁ የማወራው፣ ለካስ የአንድ ሌሊት ታሪክ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "እማዬ፣ ለምንድነው ውሃ የምትፈሪው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከለከልሽኝ እንጂ ምን ሆንሽ አላልኳትም።

አጎቴ አጎንብሰው ከዳሩ እርጥብ ሣር ነጩ። ትንሽ ለኔ ሰጡኝ። ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውሃው ገቡ። እኔም ጫማዬን አወለቅሁ። አትሳቁብኝ እንጂ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አልሞላም፤ ግን ዕድሜ ልኬን "ተው" የሚል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። "አይዞህ፣ እዚህ ጋ ጥልቅ አይደለም" አለችኝ። አጎቴ የወንድማቸውን ስም ጠሩና ሣሩን ውሃው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የእናቴን ስም ጠሩ። እኔም የያዝኩትን አስቀመጥኩ። ሁለቱ ሣሮች ተራርቀው ጀመሩና ድንጋዩን ሲያልፉ ተገናኝተው ሄዱ። ውሃው ያደረገው ነው፤ እኔ የጨመርኩት የለም።

"መቃብር የለውም፣ ድንጋይ የለውም" አሉ አጎቴ። "ይሄን ቦታ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ሁለት ሆንን።" ልጅቷ ተረጎመችና ቀጥላ በራሷ "ሦስት" አለች።

በመልሱ መንገድ ላይ ያሰብኩት ስለ ሌላ ልጅ ነው። ከዲዴሳ ማዶ፣ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ አንድ ሕፃን ነበር። ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት። ከእጅ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ፤ ባሕሩን ያየው በሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያው ምፅዋ ነፃ ወጣ፣ ተማረ፣ አናሲሞስ ነሲብ ተባለ። በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ለመግባት ሞክሮ መንገዱ ተዘግቶበት ተመለሰ። ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሱ ግን ከአስቴር ጋኖ፣ እንደሱው በባርነት ተወስዳ ነፃ ከወጣች ሴት ጋር፣ በስደት ላይ ሆኖ የልጅነት ቋንቋውን በጽሑፍ አስቀመጠ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ሲያስተምር ኖሮ፣ በ1923 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ከናት ጉያ የተነጠቀ ልጅ ቋንቋውን ባሕር ዳር ድረስ በጉያው ይዞ ሄዶ ይዞት ተመለሰ። እኔ በእናቴ ጉያ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አጣሁት።

ይህ ሰው ሲወለድ የወጣለት ስም ሂካ ነበር። ሂካ ማለት ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ይሄን ለልጅቷ ስነግራት ኮራ ብላ "እንደኔ!" አለች። እንዳንቺ።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ብዙ ጊዜ አለፈ። አጎቴ በ2006 ዓ.ም. አረፉ። ለሳቸው ቀብር ደርሻለሁ። የቆላው ሸለቆ ተለውጧል። ያ ዝንብ የጠበቀው ጫካ ብዙው የአርጆ ዲዴሳ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ ማሳ ሆኗል። ከማዶው፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐረርጌ የመጡ ሰፋሪዎች ጨዋቃ ላይ መንደር ቆርቁረዋል። አልፈርድም፤ ሰው መብላት አለበት፣ ሻያችንም ስኳር ይፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወለጋ በተኩስና በመፈናቀል ስሙ የሚነሳ አገር ሆነ። ስንቱ ከየትኛውም ወገን፣ እንደዚያ ልጅ መቃብር ሳይኖረው ቀረ። "መንገዱ ሰላም ነው?" ሰላምታ ሆነ። ያቺ አስተርጓሚዬ ነቀምቴ ላይ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ዛሬ ራሷ አስተማሪ ናት። በስልክ ኦሮምኛ ታስተምረኛለች። ተማሪዋ ሰነፍ ነው፤ ግን ስድሳ ዓመት ሲሞላው የተመዘገበ ነውና ትታገሰዋለች። መጀመሪያ ያስጠናችኝ ዓረፍተ ነገር አጎቴ ያን ማታ ፊቴን ይዘው ያሉትን ነው። "አገጭህ የእሷ ነው" ብቻ አልነበረም። "አገጭህ የእሷ ነው፤ ዘግይታም ቢሆን ቤቷ ገባች" ነበር ያሉት። ለምን ያኔ ሙሉውን አልነገርሽኝም ብላት "እንዳታለቅስ ብዬ" አለችኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ!

አሁን ልለምናችሁ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። እናትና አባታችሁ በሕይወት ካሉ፣ የሚፈሩትን ነገር ጠይቋቸው። "የት ተወለድሽ" ብቻ አይደለም፤ "ለምን በዚያ መንገድ አታልፊም፣ ለምን ይሄን ዘፈን ስትሰሚ ትነሻለሽ፣ ለምን ውሃ ትፈሪያለሽ" በሏቸው። በየቤታችን የሚነገር ነገር ያለቀ መስሎን ቴሌቪዥን የምንከፍተው ያልጠየቅነው ሳያልቅ ነው። ሐውልት የቆመለትን ቦታ ማንም ያሳያችኋል። የሾላ ጥላ ብቻ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ዓይኑ እየደከመ ነው።

የዲዴሳ ውሃ አባይ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ከአባይ ትልልቅ ገባሮች አንዱ ነው። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሰው ሁሉ ስለ መብራቱ ሲያወራ፣ እኔ በቴሌቪዥን ያን ከተራራ ተራራ የተንጣለለ ውሃ አያለሁ። ከዚያ ውስጥ የዲዴሳ ስንት ይሆን እላለሁ። ለዘመናት መልካው ላይ እያለፈ የሄደው ውሃ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ገላና ሆኖ አየሁት።

ያ የሞምባሳ ወዳጄ በቀደም ቤቴ መጥቶ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አየ። ቡናማ ውሃ፣ አንድ ሾላ፣ ጫማቸውን ያወለቁ አንድ ሽማግሌ፣ ደብተር የታቀፈች ልጅ።

"ይሄ የት ነው?" አለኝ።

"ባሕር ዳር" አልኩት።

"ይሄ ጣና አይመስልም" አለኝ።

ቁጭ በል አልኩትና ቡና እስኪፈላ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።